የአሜሪካ ወታደር ልጅ ኮሌጅ ሲገባ፦ ከዲርስ ምዝገባ እስከ ወርሃዊ ክፍያ

በአሜሪካ ጦር ያገለገለ ወይም እያገለገለ ያለ ወላጅ ያለው ተማሪ ለኮሌጅ የሚያገኘው ገንዘብ ከሦስት ቦታ ይመጣል። አንደኛው በፌዴራል ሕግ የተሰጠ መብት ነው፤ መስፈርቱን ያሟላ ሁሉ ያገኘዋል፣ ውድድር የለበትም። ሁለተኛው ስቴቶች በየራሳቸው ሕግ ከትምህርት ክፍያ ነፃ የሚያደርጉበት መንገድ ነው። ሦስተኛው ድርጅቶች በውድድር የሚሰጡት ስኮላርሺፕ ነው።

ብዙ ሐበሻ ቤተሰብ የሚጀምረው ከሦስተኛው ነው፤ "ስኮላርሺፕ" ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው እሱ ስለሆነ። ልጅ 2,000 ዶላር ለማሸነፍ ሲጽፍ ሲሰርዝ ይከርማል፤ አባት ወይም እናት ደግሞ የትምህርት መብታቸውን ለልጅ የሚያስተላልፈውን፣ ኮምፒውተር ላይ ጥቂት ደቂቃ የሚወስድ አንድ ማመልከቻ ሳይሞሉ ከጦሩ ይሰናበታሉ። ያ ማመልከቻ በብዙ ከተሞች አራት ዓመት ሙሉ ሲደመር ከ100,000 ዶላር በላይ ያወጣል፤ ዩኒፎርም ከወለቀ በኋላም የሚሞላበት መንገድ የለም። ስለዚህ መጀመሪያ መብቱን፣ ቀጥሎ ስቴቱን፣ ውድድሩን በመጨረሻ እናያለን።

መጀመሪያ ዲርስ፦ ልጁ በጦሩ መዝገብ ላይ አለ ወይ?

ዲርስ የሚባለው የወታደር ቤተሰብ አባላት የሚመዘገቡበት የመከላከያ መሥሪያ ቤቱ ቋት ነው። ልጁ እዚያ ከሌለ የትምህርት መብት ሊተላለፍለት አይችልም፤ ኮሚሳሪ በሚባሉት የጦሩ ሱቆች ስም የሚሰጠው ስኮላርሺፕም አይሰጠውም። ምዝገባው የሚደረገው የወታደር መታወቂያ በሚሰጥበት ቢሮ ነው። ወላጁ የሚይዛቸው ወረቀቶች እነዚህ ናቸው፦ የልጁ የልደት የምስክር ወረቀት፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ እና የምዝገባ ቅጹ ዲዲ ፎርም 1172-2። የእንጀራ ልጅ ከሆነ የጋብቻ ወረቀት፣ በጉዲፈቻ የመጣ ከሆነ የፍርድ ቤት ውሳኔ ይጨመራል። በአማርኛ የተጻፈ ወረቀት ሁሉ የተረጋገጠ የእንግሊዝኛ ትርጉም ያስፈልገዋል።

እኛ ቤት በብዛት ችግር የሚፈጥሩት ሁለት ነገሮች ናቸው።

የመጀመሪያው ስም ነው። አባት ዳዊት ተስፋዬ ገብሬ ቢባልና በአሜሪካ ወረቀቱ ላይ "ገብሬ" የቤተሰብ ስም ሆኖ ቢገባ፣ ልጁ ደግሞ እንደ ባህላችን "ሰላም ዳዊት" ተብላ ብትመዘገብ፣ ጠረጴዛው ጀርባ ያለው ሠራተኛ የሚያየው ሁለት የማይገናኙ ሰዎችን ነው። ሕጉ የቤተሰብ ስም አንድ ይሁን አይልም። የሚጠየቀው ዝምድናውን የሚያሳይ ወረቀት ነው፤ ስለዚህ በልጅቷ የልደት ወረቀት ላይ የአባት ሙሉ ስም በወታደር መዝገቡ ላይ ካለው ጋር በፊደል አንድ መሆን አለበት። "መቅደስ" በእንግሊዝኛ ሁለት ሦስት ዓይነት ይጻፋል፤ የሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱ፣ ፓስፖርቱና ዲርስ ላይ ያለው አንድ ካልሆነ ከሁለት ዓመት በኋላ የኮሌጅ ማመልከቻ ላይ ችግሩ እንደገና ይነሳል። የሚስተካከልበት ቅደም ተከተል አለው፤ መጀመሪያ ሶሻል ሴኩሪቲ፣ ከዚያ ዲርስ፣ ከዚያ ትምህርት ቤቱ።

ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። በድሮ የቀበሌ የልደት ካርድ ላይ ያለው ቀን የኢትዮጵያ ነው። መስከረም 5 ቀን 2000 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በአሜሪካ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 16 ቀን 2007 ነው የተወለደው። ተርጓሚው ዓመቱን ሳይቀይር "2000" ብሎ ካስተላለፈው ልጁ በወረቀት ላይ በሰባት ዓመት ያረጃል። ይህ ቀላል ስህተት አይደለም። መብቱ ሲተላለፍ ልጁ ከ21 ዓመት በታች፣ የሙሉ ጊዜ ተማሪ ከሆነ ደግሞ ከ23 በታች መሆን አለበት፤ የ18 ዓመት ልጅ የ25 ዓመት ሰው ሆኖ ከታየ ጥያቄው ውድቅ ይሆናል። ትርጉሙን ከመፈረማችሁ በፊት ቀኑን ራሳችሁ አስሉ።

የጂአይ ቢል ዝውውር፦ በሥራ ላይ እያላችሁ ብቻ

ከሴፕቴምበር 11 በኋላ ያለው ጂአይ ቢል፣ በቁጥር ምዕራፍ 33 የሚባለው፣ ለወታደሩ ራሱ የተሰጠ እስከ 36 ወር የሚደርስ የትምህርት መብት ነው። የአራት ዓመት ኮሌጅ በዓመት ዘጠኝ ወር ሲታሰብ ልክ 36 ወር ይሆናል። ወታደሩ ካልተጠቀመበት ለትዳር ጓደኛው ወይም ለልጆቹ ሊያስተላልፈው ይችላል። የሚጠየቀው ይህ ነው፦

በሚያመለክትበት ቀን ቢያንስ 6 ዓመት ያገለገለ መሆን፤ ተጨማሪ 4 ዓመት ለማገልገል መስማማት፤ እና በዚያ ቀን በንቁ አገልግሎት ወይም በተመረጠው ተጠባባቂ ጦር ውስጥ መኖር። በውጊያ ለቆሰለ የሚሰጠውን ፐርፕል ኸርት የተሸለመ ወታደር ከ6 ዓመቱም ከ4 ዓመቱም ነፃ ነው፤ ቢሆንም እሱም ሳይሰናበት ማመልከት አለበት።

የአራት ዓመቱ ቆጠራ የሚጀምረው ካመለከታችሁበት ቀን ነው። በ7ኛ ዓመቱ ያመለከተ በ11ኛው ነፃ ይወጣል፤ በ17ኛው ያመለከተ ደግሞ 20 ዓመት ሞልቶት ጡረታ ሊወጣ ሲል አንድ ዓመት ይቀረዋል። ልጁ ገና ሕፃን ቢሆንም ስድስተኛው ዓመት እንደሞላ ማመልከት ነው። የምንመክረው ይህን ነው፣ ያለ ምንም ማመንታት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ኮንትራታችሁን እዩ። ተራ ወታደርና የበታች ሹም ከሆናችሁና የቀራችሁ ጊዜ አራት ዓመት ካልሞላ፣ መጀመሪያ ኮንትራት ማራዘም ወይም እንደገና መፈረም ይቀድማል፤ ብዙ ጥያቄ ውድቅ የሚሆነው በዚህ ነው። ከዚያ ሚልኮኔክት የሚባለው ድረ ገጽ ውስጥ ግቡና በጥቅማ ጥቅም ዝርዝሩ ሥር የትምህርት መብት ማስተላለፊያውን ክፈቱ። የቤተሰባችሁ ስም ዝርዝር ይወጣል፤ ከዲርስ የሚመጣ ስለሆነ የጎደለ ልጅ ካለ እዚህ ነው የምታውቁት። በእያንዳንዱ ስም ፊት የምትሰጡትን የወር ብዛት ሙሉ፣ ምዕራፍ 33ን ምረጡ፣ የስምምነት ሣጥኖቹን ሁሉ ምልክት አድርጉና ላኩ። እንደየጦር ክፍሉ ለብቻው የሚፈረም የስምምነት ሰነድ ይኖራል፤ ኢሜይላችሁን ተከታተሉ፤ ያልተፈረመ ሰነድ ጥያቄውን ያዘገያል ወይም ያስጥላል። ካስጣለው ደግሞ እንደገና ስታመለክቱ አራቱ ዓመት ከአዲሱ ቀን ይቆጠራል።

"ላክሁት" ማለት "ጸደቀ" ማለት አይደለም። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ተመልሳችሁ ግቡ፤ የጸደቀበትን ቀንና የአገልግሎት ግዴታው የሚያበቃበትን ቀን የያዘውን ደብዳቤ አውርዳችሁ አትሙ፣ አስቀምጡ።

ወሩን ስታከፋፍሉ ለእያንዳንዱ ልጅ፣ ለትንሹም ጭምር፣ ቢያንስ አንድ ወር ስጡ። ከተሰናበታችሁ በኋላ አዲስ ስም መጨመር አይቻልም፤ ቀድሞ ስሙ በገባ ልጅ ላይ ግን ወር መቀነስና መጨመር ይቻላል። ሦስት ልጆች ካሏችሁ 34፣ 1፣ 1 ብላችሁ ብትጀምሩ በኋላ 12፣ 12፣ 12 ማድረግ ትችላላችሁ። 36፣ 0፣ 0 ብላችሁ ከወጣችሁ ግን ሁለቱ ልጆች ለዘለዓለም ውጭ ናቸው። በአገልግሎት ላይ እያላችሁ አዲስ ልጅ ሲወለድ ወዲያው ዲርስ ላይ፣ ከዚያ እዚህ ዝርዝር ላይ አስገቡ።

የተጠባባቂና የብሔራዊ ዘብ አባላት ደግሞ አንድ ነገር ይለዩ፦ የሚተላለፈው ወላጁ ያለው ፐርሰንት ነው። ሙሉ 100 ፐርሰንት የሚሆነው 36 ወር ንቁ አገልግሎት ላለው ነው፤ 90 ቀን ብቻ ያለው 50 ፐርሰንት ነው ያለው። በወር አንድ ቅዳሜና እሁድ ልምምድ የሚሄድ ግን ለግዳጅ ተጠርቶ የማያውቅ አባል ምናልባት የሚያስተላልፈው ነገር ላይኖረው ይችላል። ከማመልከታችሁ በፊት ፐርሰንታችሁን አረጋግጡ።

ከአራቱ ዓመት በፊት በራሳችሁ ፈቃድ ብትወጡ ልጁ የተጠቀመበት ገንዘብ ዕዳ ሆኖ ይመጣል።

ልጁ ሲጠቀምበት

ልጁ መጠቀም የሚጀምረው ወላጁ 10 ዓመት ካገለገለ በኋላ፣ እሱ ደግሞ 18 ዓመት ሲሞላው ወይም ሃይስኩል ሲጨርስ ነው። 26 ዓመት ሲሞላው ያበቃል። ማግባት መብቱን አያስቀርበትም።

የጸደቀው ዝውውር ብቻውን ገንዘብ አያስገኝም። ልጁ ራሱ ለቪኤ፣ ማለትም ለቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ ፎርም 22-1990ኢ በኢንተርኔት ይሞላል። ያለ "ኢ" ያለው ቅጽ ለወታደሩ ለራሱ ነው፤ ሁለቱን ማምታታት በጣም የተለመደ ነው። ከአንድ ወር ገደማ በኋላ የብቁነት ማረጋገጫ ይደርሰዋል። ያንን ይዞ የኮሌጁ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ ቢሮ ይሄዳል። እዚያ ያለው መዝጋቢ ሠራተኛ በየሴሚስተሩ የልጁን ክሬዲት ለቪኤ ካላሳወቀ በስተቀር ምንም አይከፈልም። ክፍል ከመመዝገቡ በፊት ሳይሆን ከተመዘገበ በኋላ፣ በየሴሚስተሩ፣ ይህን ቢሮ ማነጋገር አለበት።

የሚከፈለው እንዲህ ነው። በመንግሥት ኮሌጅ የነዋሪው የትምህርት ክፍያ ሙሉ በሙሉ፣ በቀጥታ ለኮሌጁ። በግል ኮሌጅ በዓመት ጣሪያ አለው፤ በ2024–25 የትምህርት ዘመን 28,937.09 ዶላር ነበር፣ በየዓመቱ ኦገስት 1 ይስተካከላል። ለመጻሕፍት በዓመት እስከ 1,000 ዶላር። ከዚያ ወርሃዊ የቤት አበል ለተማሪው ይከፈላል፤ መጠኑ ኮሌጁ ባለበት ዚፕ ኮድ ኢ-5 ማዕረግ ያለው ባለ ቤተሰብ ወታደር ከሚያገኘው የቤት አበል ጋር ይሰላል። ወላጁ ገና በሥራ ላይ ቢሆንም ልጅ ይህን አበል ያገኛል፤ የትዳር ጓደኛ ግን በዚያ ጊዜ አያገኝም። ለዚህ ነው ቤተሰቡ ውስጥ ሁለቱም መማር ከፈለጉ ወሩ ለልጁ ቢሆን የበለጠ የሚያዋጣው።

አበሉን የሚያሳንሱ ነገሮች አሉ። ሁሉንም ትምህርት በኢንተርኔት ብቻ የሚወስድ ተማሪ የአገር አቀፉን አማካይ ግማሽ ብቻ ያገኛል፤ አንድ ኮርስ እንኳ በአካል ቢወስድ ሙሉው ስሌት ይመለሳል። የትምህርቱ መጠን ከግማሽ ጊዜ በላይ ካልሆነ አበል የለም። ክፍያው በወሩ መጨረሻ፣ ለተማረበት ቀን ብቻ ነው፤ የዲሴምበርና የክረምት ዕረፍት አይከፈልበትም። ልጁ በዚህ አበል ቤት ከተከራየ የጃንዋሪ ኪራይ ከኖቬምበር ጀምሮ መቀመጥ አለበት።

በየወሩ ቪኤ በስልክ አጭር መልእክት ይልካል፤ "አሁንም በዚያው ትምህርት ላይ ነህ?" ብሎ ይጠይቃል። ሁለት ወር በተከታታይ ያልመለሰ አበሉ ይቆማል። ወጣቶች ስልክ ቁጥር ሲቀይሩ መጀመሪያ የሚጠፋው ይህ ነው። ኮርስ መጣልም እንዲሁ ዕዳ ያመጣል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ 6 ክሬዲት ሲጣል ቪኤ ምክንያት ሳይጠይቅ ያልፋል፣ ከዚያ በኋላ ግን ምክንያት ማስረዳት ግድ ነው።

ልጁ ነዋሪ ወዳልሆነበት ሌላ ስቴት ቢሄድስ? በጂአይ ቢል የሚማር ተማሪ በዚያ ስቴት እስከኖረ ድረስ የመንግሥት ኮሌጁ የነዋሪ ዋጋ ነው የሚያስከፍለው። ከዚህ ሌላ ወላጁ ከ30 ቀን በላይ በንቁ አገልግሎት ላይ ከሆነ ልጁ ጂአይ ቢል ባይጠቀምም በተመደበበት ስቴት የነዋሪ ዋጋ ይከፍላል፤ ተመዝግቦ ከጀመረ በኋላ ወላጁ ወደ ሌላ ቦታ ቢዛወር እንኳ ሳያቋርጥ እስከተማረ ድረስ ዋጋው አይቀየርበትም። የምዝገባ ቢሮው ይህን ሳያነሳ ከፍተኛውን ዋጋ ሊልክላችሁ ይችላል፤ የምደባ ትእዛዙን ይዛችሁ ጠይቁ።

የግል ኮሌጅ ዋጋ ከጣሪያው ከበለጠ ዬሎው ሪበን የሚባለው ፕሮግራም አለ፤ ኮሌጁ ከልዩነቱ ከፊሉን ይሰጣል፣ ቪኤ ያንኑ ያህል ይጨምራል። 100 ፐርሰንት ላይ ላሉት ብቻ ነው። አንዳንድ ኮሌጆች ቦታው ውስን ስለሆነ ቀድሞ ለመጣ ይሰጣሉ፤ ስለዚህ የቅበላ ደብዳቤ እንደደረሰ በዚያው ቀን መጠየቅ ነው።

ወላጁ ከሞተ ወይም ጤናውን ካጣ

ወላጁ ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ጀምሮ በንቁ አገልግሎት ላይ እያለ በግዳጅ ምክንያት ከሞተ ልጁ የፍራይ ስኮላርሺፕ መብት አለው። በ2006 ኢራቅ ውስጥ በሞተው የባሕር እግረኛው ጆን ዴቪድ ፍራይ ስም የተሰየመ ነው። ከላይ ያለው ጂአይ ቢል በ100 ፐርሰንት፣ ለ36 ወር፣ ዬሎው ሪበንን ጨምሮ ለልጁ ይሰጣል። ወላጁ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2013 ወዲህ ከሞተ የዕድሜ ገደብ የለውም፤ ከዚያ በፊት ከሆነ እስከ 33 ዓመት ነው።

ወላጁ በአገልግሎት ምክንያት በመጣ ጉዳት ቋሚና ሙሉ አካል ጉዳተኛ ከተባለ፣ ወይም በዚያ ሕመም ከሞተ፣ ምዕራፍ 35 የሚባለው አለ። ይህኛው ለኮሌጁ ሳይሆን በቀጥታ ለተማሪው በየወሩ ይከፈላል፤ የሙሉ ጊዜ ተማሪ በወር 1,500 ዶላር ገደማ ያገኛል፣ እስከ 36 ወር። እንደተለመደው ከ18 እስከ 26 ዓመት ነው፤ የወላጁ ሞት ወይም የጉዳት ውሳኔ ከኦገስት 1 ቀን 2023 ወዲህ ከሆነ፣ ወይም ልጁ ከዚያ ቀን ወዲህ 18 ዓመት ከሞላው ወይም ሃይስኩል ከጨረሰ ግን ገደቡ ተነሥቷል። ሁለቱም የሚጠየቁት በፎርም 22-5490 ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው "100 ፐርሰንት" እና "ቋሚና ሙሉ" አንድ መስሎት ነው። 100 ፐርሰንት ያለው ነገር ግን ወደፊት እንደገና ይመረመራል የተባለ ወላጅ ልጁን ለምዕራፍ 35 አያበቃም። በቪኤ ዶት ጎቭ ላይ የጥቅማ ጥቅም ማጠቃለያ ደብዳቤያችሁን አውርዱና በአገልግሎት ምክንያት ቋሚና ሙሉ አካል ጉዳተኛ መሆናችሁን በሚለው መስመር ፊት "አዎ" ተብሎ እንደሆነ አንብቡ። ካልተባለ ልጁን ከማስመዝገብ በፊት የቋሚነት ውሳኔ መጠየቅ ይቀድማል።

ሌላ ጥንቃቄ አለ። ወላጁ የሞተበት ልጅ ዲአይሲ የሚባለውን የወር ክፍያ እያገኘ ከሆነ፣ 18 ዓመት ከሞላው በኋላ የትምህርት መብቱን መጠቀም ሲጀምር ያ ክፍያ ይቆማል፤ ወደ ኋላ መመለስም የለም። ልጁ ገና ሃይስኩል ውስጥ እያለ 18 ከሞላው ኮሌጅ እስኪገባ ድረስ አለመቸኮል ይበጃል።

በጂአይ ቢል ዝውውርና በምዕራፍ 35 ሁለቱም መብት ያለው ልጅ በአንድ ጊዜ ሁለቱን አይወስድም፤ አንዱ ሲያልቅ ግን ወደ ሌላው መሄድ ይችላል። ማስተርስ የሚያስብ ልጅ ይህን አስቀድሞ ማቀድ አለበት።

ስቴቶች የሚሰጡት

ቨርጂኒያ ውስጥ ቪምስዴፕ የሚባለው ፕሮግራም በዋሽንግተን ዙሪያ ለሚኖረው ሐበሻ ከሁሉም በላይ ሊታወቅ የሚገባው ነው። ወላጁ በአገልግሎት ምክንያት ቢያንስ 90 ፐርሰንት ቋሚ ጉዳት ካለው፣ ወይም ከሞተ፣ ከጠፋ ወይም ከተማረከ፣ ዕድሜው ከ16 እስከ 29 የሆነ ልጅ በቨርጂኒያ የመንግሥት ኮሌጆች እስከ 8 ሴሚስተር የትምህርት ክፍያና ግዴታ ክፍያዎች አይከፍልም። ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲም፣ ኖቫ የሚባለው የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅም በዚህ ውስጥ ናቸው። የነዋሪነት መስፈርት ስላለው የግብርና የመንጃ ፈቃድ ማስረጃዎችን ያዙ። በ2024 ሕግ አውጪዎቹ መስፈርቱን አጥብበውት ነበር፣ በዚያው ዓመት መልሰው ሰረዙት፤ ስለዚህ ጓደኛ ከነገራችሁ ይልቅ የዘንድሮውን ማመልከቻ አንብቡ።

ቴክሳስ ውስጥ ሄዝልዉድ የሚባለው ሕግ ለቀድሞ ወታደር እስከ 150 ክሬዲት ሰዓት ከክፍያ ነፃ ያደርጋል፤ ያልተጠቀመበትን ለልጁ ሊሰጥ ይችላል። ወታደሩ ወደ ጦሩ ሲገባ የቴክሳስ ሰው መሆን፣ ቢያንስ 181 ቀን ንቁ አገልግሎት ያለውና በክብር የተሰናበተ መሆን አለበት። ልጁ የቴክሳስ ነዋሪና በሴሚስተሩ የመጀመሪያ ቀን 25 ዓመት ወይም ከዚያ በታች መሆን ይኖርበታል። በአንድ ጊዜ አንድ ልጅ ብቻ ነው የሚጠቀመው። ከሜሪላንድ ወጥቶ ዳላስ የሰፈረ ወታደር የቴክሳስ ሄዝልዉድ የለውም፤ ይህን ሳያውቁ ቤት የገዙ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው።

ካሊፎርኒያ ውስጥ የካልቬት የክፍያ ነፃነት አለ። ፕላን ቢ የሚባለው ወላጁ ምንም ያህል አነስተኛ በአገልግሎት የመጣ ጉዳት ቢኖረው፣ 0 ፐርሰንት እንኳ ቢሆን፣ ልጁን ሊያበቃ ይችላል፤ የሚታየው በዋናነት የተማሪው ገቢ ነው፣ ጣሪያውም በየዓመቱ ይለወጣል። ማመልከቻው በካውንቲው የቀድሞ ወታደሮች አገልግሎት ቢሮ በኩል ይሄዳል። ፕላን ኤ የሚባለውን ሌላኛውን ከምዕራፍ 35 ጋር በአንድ ጊዜ መውሰድ አይቻልም፣ ፕላን ቢን ግን ይቻላል።

ሜሪላንድ ውስጥ ኮንሮይ ስኮላርሺፕ አለ፤ ወላጃቸው በአገልግሎት ለሞተ ወይም 100 ፐርሰንት ጉዳተኛ ለሆነ ልጆች ነው፣ የሚያስተናግደውም የኮሌጁ የፋይናንሺያል ኤይድ ቢሮ ነው።

ሲደራረብ ምን ይሆናል

ምዕራፍ 33 ለትምህርት ክፍያ የመጨረሻ ከፋይ ነው። ለትምህርት ክፍያ ብቻ ተብሎ የተሰጠ ስኮላርሺፕ መጀመሪያ ይቀነሳል፣ ቪኤ የቀረውን ይከፍላል። ልጁ 5,000 ዶላር ለትምህርት ክፍያ ቢያሸንፍ ቪኤ 5,000 ዶላር ያነሰ ይከፍላል፤ ለቤተሰቡ ምንም አልጨመረለትም። ስለዚህ ስኮላርሺፕ ሲሰጠው ሰጪውን ድርጅት በጽሑፍ "ገንዘቡ ለመኖሪያ፣ ለምግብ፣ ለመጻሕፍት ጭምር እንዲውል ቢፈቀድ" ብሎ መጠየቅ ነው፤ ብዙዎች እሺ ይላሉ። ፔል ግራንት የሚባለው የፌዴራል መንግሥት የተማሪ እርዳታ ግን አይቀነስም።

ምዕራፍ 35 ግን በቀጥታ ለተማሪው ስለሚሰጥ ከስቴት ነፃነት ጋር ይደራረባል። ቨርጂኒያ ውስጥ ቪምስዴፕ ትምህርቱን ይከፍላል፣ ምዕራፍ 35 ኪራዩንና ምግቡን። ወላጁ ቋሚና ሙሉ ለሆነበት ቤተሰብ ብዙ ጊዜ ምርጡ መንገድ ይህ ነው፤ የጂአይ ቢሉን ወር ደግሞ ለማስተርስ ወይም ውድ ከተማ ለሚማር ልጅ ማቆየት ይቻላል።

ፋፍሳ ለሁሉም ግድ ነው

"ጂአይ ቢል አለን፣ ፋፍሳ ምን ያደርግልናል?" የሚል ቤተሰብ ገንዘብ እየጣለ ነው። ፋፍሳ ለፌዴራል የተማሪ የገንዘብ እርዳታ የሚሞላ ቅጽ ነው፤ በየዓመቱ በተለምዶ ኦክቶበር 1 ይከፈታል። የቪኤ የትምህርት ጥቅም እዚያ እንደ ገቢ አይቆጠርም። ተማሪውም ወላጁም ለየብቻ አካውንት ይከፍታሉ፤ ስሙ በሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱ ላይ ካለው ጋር በፊደል አንድ ካልሆነ ሥርዓቱ አያልፋችሁም። ወላጁ ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ጀምሮ በንቁ አገልግሎት ላይ እያለ በግዳጅ ምክንያት የሞተበት፣ ዕድሜው ከ33 በታች የሆነ ተማሪ የቤተሰቡ ገቢ ምንም ይሁን ሙሉውን ፔል ግራንት ያገኛል፤ በ2024–25 እና በ2025–26 ሙሉው 7,395 ዶላር ነው።

ውድድሮቹ

የወታደር ልጆች ስኮላርሺፕ የሚባለው ከ2001 ጀምሮ በኮሚሳሪ ሱቆች ስም የሚሰጥ ነው፤ 2,000 ዶላር፣ ዕድሜ ከ23 በታች፣ ያላገባ፣ ጂፒኤ ቢያንስ 3.0። ማመልከቻው በዲሴምበር ተከፍቶ በፌብሩዋሪ ይዘጋል፣ ጽሑፉ ከ500 ቃል አይበልጥም። አንድ ቃል ሲያልፍ ይጣላል፤ ቆጥሩት።

የምድር ጦሩ የእርዳታ ማኅበር ኡርሳኖ የሚባለውን በቤተሰቡ የገንዘብ አቅም ላይ የተመሠረተ ስኮላርሺፕ ለልጆች ይሰጣል፤ ከጃንዋሪ 1 እስከ ኤፕሪል 1 ያመለክታሉ። የአየር ኃይሉና የባሕር ኃይሉ ማኅበራትም የየራሳቸው አላቸው። የባሕር እግረኛ ልጆች ከ1962 ጀምሮ የሚሠራ የስኮላርሺፕ ፋውንዴሽን አላቸው። ፎልድስ ኦፍ ኦነር ወላጃቸው ለሞተ ወይም ለቆሰለ ልጆች በዓመት እስከ 5,000 ዶላር ይሰጣል፤ በፌብሩዋሪና በማርች ነው ማመልከቻው። ፓት ቲልማን የሚባለው ዝነኛ ስኮላርሺፕ ግን ለወታደሩና ለትዳር ጓደኛ እንጂ ለልጅ አይደለም፤ ጊዜ አታባክኑበት።

ጽሑፉ ላይ ሐበሻ ልጆች ትልቁን ሀብታቸውን ይተዋሉ። ቅዳሜና እሁድ በቤተ ክርስቲያን ወይም በመስጂድ ሕፃናትን አማርኛ ወይም ሃይማኖት ማስተማር የማኅበረሰብ አገልግሎት ነው፤ ሰዓቱን መዝግባችሁ ከኃላፊው ደብዳቤ ያዙ። ለአያት ሐኪም ቤት ማስተርጎም፣ እናት ለግዳጅ ሄዳ ታናናሾችን መንከባከብ የቤተሰብ ኃላፊነት ነው፤ ቅጹ ይጠይቃል። "ወላጄ ጀግና ነው" ብሎ የሚጀምር ጽሑፍ አንባቢው መቶ ጊዜ ያነበበው ነው። ስንት ትምህርት ቤት እንደቀየረ፣ በአንደኛው የሒሳብ ክፍል ምን እንደጎደለውና እንዴት እንደሞላው የሚናገር ጽሑፍ ግን የማን ልጅ እንደሆነ ያሳያል። የምክር ደብዳቤ የሚጽፈውን መምህር ከታንክስጊቪንግ በፊት ጠይቁ።

ወታደር መሆን ራሱ ለሚስበው ልጅ ደግሞ ዌስት ፖይንትና ሌሎቹ የጦር አካዳሚዎች አሉ፤ ትምህርቱ በነፃ ነው፣ ሲጨርስ ያገለግላል። ወላጁ በንቁ አገልግሎት ቢያንስ 8 ዓመት ያለማቋረጥ ያገለገለ ወይም ጡረታ የወጣ ከሆነ፣ ልጁ ከኮንግረስ አባሉ ዕጩነት በተጨማሪ የፕሬዝዳንት ዕጩነት መጠየቅ ይችላል። ጥያቄው የሚላከው ለአካዳሚው ቅበላ ቢሮ ነው፣ በ11ኛ ክፍል ማብቂያ ላይ ጀምሩት።

ከእነዚህ ለአንዱም ማመልከቻ ክፍያ የለም። "ለወታደር ልጅ ስኮላርሺፕ እናስገኝላችኋለን፣ መጀመሪያ 99 ዶላር" የሚል ሁሉ ሌባ ነው፤ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር አትስጡት።

በወር በወሩ

ልጁ 9ኛ ክፍል ሲገባ ዲርሱንና የዝውውር ደብዳቤውን አውጥታችሁ አንብቡ። 11ኛ ክፍል ጸደይ ላይ የቪኤ ማጠቃለያ ደብዳቤ አውርዱ፣ የስቴቱን ማመልከቻ አንብቡ፣ በቪኤ የጂአይ ቢል ማነጻጸሪያ ገጽ ላይ የምታስቡትን ኮሌጆች የቤት አበል ጎን ለጎን ተመልከቱ። 12ኛ ክፍል ኦክቶበር ፋፍሳ፣ ዲሴምበር የኮሚሳሪው፣ ጃንዋሪ የማኅበራቱ። የኮሌጁ ውሳኔ ኤፕሪል ላይ ሲታወቅ ፎርም 22-1990ኢ ወይም 22-5490፣ ጁን ላይ ኮሌጁ ቢሮ። ኦገስት ላይ ገንዘቡ ገና ካልደረሰ ኮሌጁ ልጁን ከክፍል እንዳያስወጣው የብቁነት ማረጋገጫውን ማሳየት ይበቃል፤ የቪኤ ክፍያ በመዘግየቱ ቅጣት ማስከፈልም ምዝገባ መሰረዝም በሕግ የተከለከለ ነው።

ከዚያ በየዓመቱ ፋፍሳ ይደገማል፣ በየሴሚስተሩ የኮሌጁ ቢሮ ይጠየቃል። ልጁ ቀድሞ ጨርሶ ወይም 26 ሞልቶት ወር ከተረፈ አይጠፋም፤ ወላጁ ሚልኮኔክት ገብቶ ወይም ለቪኤ በጽሑፍ አሳውቆ ያንን ወር ወደ ራሱ ይመልሰዋል፣ ወይም ያን ጊዜ አንድ ወር ተሰጥቷት ስሟ ዝርዝሩ ላይ ላለችው ለታናሽ እህቱ ይጨምርላታል።